ቀበቶው የሚታሰርበት ይኑር፦ ስለ ከፍታ ሥራና "በራሴ ኃላፊነት" ስለሚለው ፊርማ

ግልጽ ደብዳቤ

ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

እኛ በሕንፃ ሳይቶች ላይ በደህንነት ክትትል፣ በመወጣጫ (ሠራተኛ ከፍታ ላይ ቆሞ የሚሠራበት ጊዜያዊ መዋቅር) ተከላና በቁጥጥር ሥራ የተሰማራን ባለሙያዎች ነን። የምንጽፍላችሁ ስለ አንድ ወረቀት ነው። አዲስ ሠራተኛ ሳይት ሲገባ ሄልሜትና ከከፍታ ሲወድቅ የሚይዘው፣ ገመድና መንጠቆ ያለው የደህንነት ቀበቶ ይሰጠውና መረከቢያ ላይ ይፈርማል። ይህ ተገቢ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ከመረከቢያው ግርጌ አንድ ዓረፍተ ነገር ትጨመራለች፤ ሠራተኛው ቀበቶውን ባለመጠቀሙ ለሚደርስበት ጉዳት ኃላፊነቱን ራሱ እንደሚወስድ የምትገልጽ። ማንበብ የማይችለው በአውራ ጣቱ ያትማል። ከዚያ ቀበቶውን ታጥቆ ሰባተኛ ፎቅ ይወጣል፤ መንጠቆውን በእጁ ይዞ ዙሪያውን ቢያይ የሚያስርበት ነገር የለም።

አደጋ ሲደርስ ከመሳቢያ መጀመሪያ የሚወጣው ይኸው ወረቀት ነው። "ቀበቶ ሰጥተነዋል፣ አላሰረም፣ የራሱ ጥፋት ነው" ይባላል። እኛ ሠራተኛው ኃላፊነት የለበትም አንልም። አለበት፤ ከዚህ በታች እንዘረዝረዋለን። የምንለው ኃላፊነቱ የሚጀምረው የሚያስርበት ቦታ ከተዘጋጀለት በኋላ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በዚህ ላይ ግልጽ ነው። አሠሪው የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ ስለ አጠቃቀሙ መመሪያ እንዲሰጥ፣ የደረሰውን አደጋ መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ተጠያቂ ነው። ከዚህ ተጠያቂነት ውጭ የሚሆነው ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ነው፤ አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደህንነት መመሪያ መጣስና ሰውነትን ወይም አእምሮን መቆጣጠር እስከሚያቅት ድረስ ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘትም እዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። ይህ ድንጋጌ ትክክል ነው፤ ይነሳ አንልም። የፊርማው ወረቀት ግን የሚታገለው ሁሉንም ጉዳት በዚህች ጠባብ በር ለማስወጣት ነው። "ቀበቶህን እሰር" ማለት ግልጽ መመሪያ የሚሆነው የት እንደሚታሰር ሲነገር ነው።

እስቲ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአጠና በተሠራ መወጣጫ ላይ ቆሞ የውጭ ግድግዳ የሚለስን ሠራተኛን እንይ። መንጠቆው ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል። አንደኛው ምርጫው የቆመው አጠና ነው። መንጠቆውን ዙሪያውን አዙሮ ቢያስረው፣ ሲወድቅ ገመዱ በአጠናው ላይ እየተንሸራተተ ቀጣዩ አግዳሚ እስኪያቆመው ይወርዳል፤ ያ አግዳሚ ደግሞ የተያዘው በሁለት ምስማርና በጥቁር ሽቦ ነው። ሁለተኛው ምርጫ ራሱ አግዳሚው ነው፤ እርሱም የቆመበትን ጣውላ የተሸከመው እንጨት ስለሆነ ጣውላው ከከዳው ማሰሪያውም አብሮ ይከዳል። ሦስተኛው ከኮለኑ (ከኮንክሪት ምሰሶው) አናት የወጣው ፌሮ (የኮንክሪት ብረት) ነው። ጠንካራ ይመስላል፤ ነገር ግን አናቱ ክፍት ስለሆነ ሰውየው ወደ ጎን ሲወረወር ቀለበቱ ሾልኮ ሊወጣ ይችላል። አራተኛው የመስኮት ፍሬም ነው፤ እርሱ ገና በሙርታር አልተያዘም። ይህ ሰው ቀበቶውን አላሰረም ብለን ስንከሰው፣ የት ላይ ብሎ ቢጠይቀን መልስ የለንም።

ማሰሪያ ነጥብ ምን ያህል መሸከም እንዳለበት የሚታወቅ ነገር ነው። የአውሮፓው መለኪያ ለአንድ ሰው 12 ኪሎ ኒውተን ይጠይቃል፤ 1,200 ኪሎ ግድም የሚመዝን ነገር ተንጠልጥሎበት እንዳይነቀል ማለት ነው። የአሜሪካው 22 ኪሎ ኒውተን ይደርሳል። ለምን ይህን ያህል? 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 2 ሜትር ሲወድቅ ከሁለት ሦስተኛ ሰከንድ በታች ይፈጅበታል፤ በዚያች ቅጽበት ፍጥነቱ በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ገመዱ በ20 ሳንቲሜትር ውስጥ ቀጥ ካደረገው ሰውነቱ ላይ የሚያርፈው ጉልበት ወደ 880 ኪሎ ነው። በወገብ ቀበቶ ከሆነ ይህ ሁሉ የሚያርፈው በአከርካሪና በሆድ ዕቃ ላይ ነው። የወገብ ቀበቶ መውደቅን ለማስቆም እንዳያገለግል አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1998 ጀምሮ ከልክላለች። እኛ ጋ ዛሬም "ሴፍቲ ቤልት" ተብሎ ይገዛል፣ ይታደላል፣ ይፈረምበታል።

ትክክለኛው ቀበቶ ጭንን፣ ትከሻንና ደረትን የሚይዘው ነው፤ ገመዱም የሚያያዘው ከጀርባ፣ ከሁለቱ ትከሻዎች መካከል ነው። ገመዱ ላይ ደግሞ ታጥፎ የተሰፋ ጠፍር የያዘች ትንሽ ከረጢት አለች፤ ሾክ አብዞርበር የምንላት። ሰው ሲወድቅ ስፌቷ እየተቀደደ ይዘረጋና ጉልበቱን ከ6 ኪሎ ኒውተን እንዳይበልጥ ታደርገዋለች። አንድ ጊዜ የተዘረጋች ከረጢት ዳግም አታገለግልም። ቀበቶው ንጹሕ ቢመስልም ሰው የወደቀበት ከሆነ ተቆርጦ መጣል አለበት፤ ወደ መጋዘን ተመልሶ ለሌላ ሠራተኛ ሲፈረምበት ማየት የለብንም።

አሁን ብዙዎች ወደማያሰሉት ነገር እንምጣ። ገመዱ 2 ሜትር ነው። ከረጢቷ እስከ 1.75 ሜትር ልትዘረጋ ትችላለች። ከጀርባው ቀለበት እስከ እግሩ 1.5 ሜትር ይሆናል። ለጥንቃቄ 1 ሜትር ይጨመር። ሲደመር ከማሰሪያው በታች 6.25 ሜትር ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። አንድ ፎቅ 3 ሜትር ነው እንበል። አንደኛ ፎቅ ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል) ጠርዝ ላይ ቆሞ እግሩ ሥር ያሰረ ሠራተኛ ገመዱ ሳይወጠር መሬት ይነካል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለውም ቢሆን ለጥንቃቄ የተተወው ቦታ አይሞላለትም። ይህ ሰው ያልታዘዘው ነገር የለም፤ ፈርሟል፣ ታጥቋል፣ አስሯል። ስለዚህ በዝቅተኛ ፎቆች ላይ ዋናው መፍትሔ የጠርዝ መከለያ ነው፤ ቀበቶ ካስፈለገም ከራስ በላይ መታሰርና ገመዱ ማጠር አለበት።

አንዳንድ ተቋራጮች ችግሩን ተረድተው በኮለኖች መካከል የብረት ገመድ መዘርጋት ጀምረዋል። እናመሰግናቸዋለን፤ አዘረጋጉ ላይ ግን ሁለት ስህተት ደጋግመን እናያለን። አንደኛው ገመዱን እንደ ክራር ክር መወጠር ነው። ጥሩ የሠሩ ይመስላቸዋል። በ10 ሜትር ርቀት ላይ የተዘረጋ ገመድ ሰው ሲወድቅበት መሐሉ 45 ሳንቲሜትር ብቻ ከረገበ፣ 6 ኪሎ ኒውተን የነበረው ጉልበት ጫፎቹ ላይ ሲደርስ 33 ኪሎ ኒውተን ይሆናል፤ ከ3 ቶን በላይ። 1 ሜትር ቢረግብ ወደ 15 ይወርዳል፤ በምላሹ ሰውየው ያንኑ ያህል ዝቅ ብሎ ይወድቃልና ከታች ያለው ባዶ ቦታ እንደገና ይሰላል። ስለዚህ የገመዱን ርዝመትና እርግበት ሊወስን የሚገባው መሐንዲስ ነው። ለፎርማኑ ግምት የሚተው አይደለም።

ሁለተኛው ስህተት የገመዱን የታጠፈ ጫፍ ከራሱ ከገመዱ ጋር አጣብቀው የሚይዙት ክላምፖች አስተሳሰር ነው። የክላምፑ ኮርቻ መሰል ክፍል ማረፍ ያለበት ጭነት በሚሸከመው ረጅሙ ገመድ ላይ ነው፤ ቀለበት የሚመስለው ብሎን በታጠፈው አጭር ጫፍ ላይ። ሲገለበጥ ብሎኑ የሚሸከመውን ገመድ ይጨፈልቀዋል፣ አቅሙም ይቀንሳል። ቢያንስ ሦስት ክላምፕ፣ በመካከላቸው የገመዱ ውፍረት ስድስት እጥፍ ርቀት ይተው፤ ለ12 ሚሊ ሜትር ገመድ 7 ሳንቲሜትር ግድም። ገመዱ ጭነት ከያዘ በኋላ ብሎኖቹ እንደገና ይጠበቁ። ይህን ሠራተኛው ከታች ሆኖ ሊያጣራው አይችልም፤ አምኖ ነው የሚያስረው።

ቀበቶ ግን የመጨረሻው መከላከያ ነው። ከእርሱ በፊት ሰውየው ጭራሽ እንዳይወድቅ የሚያደርጉት ነገሮች ይመጣሉ፤ እነዚህ የማንንም ፊርማ፣ የማንንም ትኩረት አይጠይቁም። የሶሌታ ጠርዝ ላይ 1 ሜትር ከፍታ ያለው መከለያ፣ መሐሉ ላይ አንድ አግዳሚ፣ ከሥር 15 ሳንቲሜትር የእግር መከለያ ጣውላ። ጣውላዋ ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን መዶሻና የተሰበረ ብሎኬት ወደ መንገድ እንዳይንከባለል የምታደርገው እርሷ ናት። ከ20 ሜትር ያመለጠ መዶሻ መሬት ሲደርስ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከሥር የሚያልፈው እግረኛ ደግሞ የትም አልፈረመም።

የሊፍትና የቧንቧ ቀዳዳዎች ጉዳይ ለብቻው መነሳት አለበት። ልማዱ ቀዳዳው ላይ ቁራጭ ፕላይውድ ጣል ማድረግ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ሌላ ሠራተኛ ፕላይውድ ያስፈልገውና ያችን ቁራጭ አየት ያደርጋል። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ያነሳታል። ሰሌዳዋ ፊቱን ስለጋረደችው ከሥር ያለውን አያይም፤ ወደፊት አንድ እርምጃ ሲራመድ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። ይህን ሰው ምን ብለን ነው ግዴለሽ የምንለው? መክደኛው በአራቱም ማዕዘን በምስማር ይመታ፣ ከጠርዙ ቢያንስ 20 ሳንቲሜትር ይለፍ፣ የሰውና የእቃ ክብደት ይቻል፣ በቀይ ቀለም "ቀዳዳ" ተብሎ ይጻፍበት። ዋጋው የአንድ ጣሳ ቀለምና የአንድ እፍኝ ምስማር ነው።

ስለ አጠናው ስንናገር አገር የለመደውን ለማንቋሸሽ አይደለም። ርካሽ ነው፣ በየቦታው ይገኛል፣ አናጺዎቻችንም ያውቁበታል። ድክመቱ ግን ከዓይን የተሰወረ ነው። እርጥብ አጠና ላይ የተመታ ምስማር በመጀመሪያው ሳምንት ጥርቅም ብሎ ይይዛል። እንጨቱ እየደረቀ ሲሄድ ይኮማተራል፣ ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ምስማሩም ይላላል። ስለዚህ መወጣጫው በሁለተኛው ወር ላይ ከመጀመሪያው ቀን የደከመ ነው፤ ብዙ ጭነት የሚወጣበት ደግሞ ያኔ ነው። አንድ ባለ 20 ሳንቲሜትር ብሎኬት 18 ኪሎ ግድም ይመዝናል። 2 ሜትር በ90 ሳንቲሜትር በሆነች መቆሚያ ላይ 25 ብሎኬት ከተደረደረ 450 ኪሎ ነው፤ በካሬ 250 ኪሎ፣ ሁለቱ ግንበኞችና ሙርታሩ ሳይቆጠሩ። ለልስን ሥራ የሚታሰብ መወጣጫ ብዙ ጊዜ የሚሰላው በካሬ ለ150 ወይም ለ200 ኪሎ ነው። ለልስን የተሠራውን ለግንብ መጠቀም የተለመደ ስህተት ሲሆን፣ ውሳኔው የካፖው (የሠራተኞቹ አለቃ) እንጂ የቀን ሠራተኛው አይደለም።

የእኛ አቋም እንዲህ ነው። ከሁለት ፎቅ በላይ በአጠና መወጣጫ መጠቀም መቅረት አለበት። እስከ ሁለት ፎቅ ድረስ የሚፈቀድ ከሆነም በየሳምንቱ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ይታይ፣ የላላው ምስማር እንደገና ከመመታት ይልቅ በሌላ ቦታ በአዲስ ይተካ፣ ቁመቱ የመሠረቱን ጠባብ ወርድ አራት እጥፍ ሲያልፍ ከሕንፃው ጋር ይታሰር። የብረቱም ቢሆን እግሩ ለስላሳ አፈር ላይ ያለ ጣውላና ያለ መርገጫ ሳህን ከቆመ ከክረምት ዝናብ በኋላ አንድ እግሩ ይሰምጣል፤ ያኔ ብረት መሆኑ አያድነውም።

ወደ ሠራተኛው ኃላፊነት እንመለስ። መሣሪያው ተሟልቶ፣ ማሰሪያው ታይቶ፣ ሥልጠናው በሚገባው ቋንቋ ተሰጥቶት "ለአምስት ደቂቃ ነው" ብሎ መንጠቆውን የሚፈታ አለ። ለእቃ ማስገቢያ መከለያ አንስቶ ሳይመልስ የሚሄድ አለ፤ እርሱ አደጋውን የሚጥለው በራሱ ሳይሆን ከኋላው በሚመጣው ላይ ነው። ምሳ ላይ ጠጥቶ የሚወጣም አለ። እነዚህ ከሥራ እስከ መሰናበት በሚያደርስ እርምጃ ቢጠየቁ እንደግፋለን፤ የሠራተኛ ማኅበራትም ሊደግፉ ይገባል። ሠራተኛው በየማለዳው ቀበቶውን ራሱ ይመርምር፦ ስፌቱ የተፈታ፣ በብየዳ ብልጭታ የተበሳ፣ በሲሚንቶ የደረቀ፣ ምላሱ አልመለስ ያለ መንጠቆ ያለው ከሆነ ይመልስ። ይህ የማንም ሳይሆን የርሱ ሥራ ነው።

ነገር ግን ለምን ይፈታል የሚለውም ይጠየቅ። ለሳኙ የሚከፈለው በካሬ ነው። ባለ አንድ መንጠቆ ገመድ ይዞ በየሁለት ሜትሩ መፍታትና ማሰር ጊዜውን ይበላበታል፤ በፈታባት ቅጽበት ደግሞ ያለ ምንም መያዣ ነው። ባለ ሁለት መንጠቆ ገመድ ይህን ይፈታዋል፤ አንዱን ሳይፈታ ሌላውን ወደፊት ያስራል። ሥራውን በቁርጥ የሰጠው ሰው የመፍቻና የማሰሪያ ጊዜን ዋጋ ውስጥ ካላስገባ፣ ያንን ጊዜ ሠራተኛው በሕይወቱ እንዲከፍል እያደረገ ነው።

"ሰው አዋቂ ነው፤ አደጋውን አውቆ ከገባ መብቱ ነው" የሚሉ ወዳጆች አሉን። ለራሱ ደስታ ገደል የሚወጣ ሰው ሲሆን እንስማማለን፤ መንገዱን፣ ገመዱንና ሰዓቱን የሚመርጠው ራሱ ነውና። የቀን ሠራተኛው ግን መወጣጫውን አልሠራም፣ ገመዱን አልገዛም፣ ቀኑን አልወሰነም። የመረጠው ነገር ቢኖር ከሥራና ከሥራ አጥነት አንዱን ነው። አዋጁ አሠሪው አደጋ መኖሩን እያወቀ እርምጃ ካልወሰደ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን እንዲለቅ ይፈቅድለታል። መልቀቅ ግን የቀን ገቢውን ማጣት ነው። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 ከዚህ ያልፋል፤ ሕይወቱን የሚያሰጋ የቅርብ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ከሥራ ቦታው የራቀ ሠራተኛ ተገቢ ያልሆነ ጉዳት እንዳይደርስበት ይደነግጋል። ይህ በመመሪያ ወርዶ፣ በየሳይቱ በር ላይ በትልቅ ፊደል እንዲለጠፍ እንጠይቃለን። "እዚህ ላይ አልወጣም፣ ሲስተካከል እወጣለሁ" ያለ ሠራተኛ የቀኑን ክፍያ እንዳያጣ በግልጽ ይጻፍ።

ከሚኒስቴሩ የምንፈልገው ሌላው ነገር ስለ ፊርማው ነው። የመሣሪያ መረከቢያ መረከቢያ ብቻ ይሁን፤ የኃላፊነት ማስተላለፊያ ቃል የገባበት ቅጽ እንደ ደህንነት መመሪያ እንዳይቆጠር ይገለጽ። መመሪያ ተሰጥቷል ለማለት የማሰሪያው ቦታ በፎቅና በመስመር ተለይቶ የተጻፈበት፣ ሠልጣኙ ራሱ አስሮ ያሳየበት መዝገብ ይቅረብ። ሰው ሲወድቅና ገመድ ላይ ሲንጠለጠል እንዴት እንደሚወርድም በዚሁ መዝገብ ይኑር፤ ሳይንቀሳቀስ የተንጠለጠለ ሰው ደሙ እግሩ ላይ ስለሚጠራቀም ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሊሞት ይችላል። መሰላል፣ ማውረጃ ገመድና የሰለጠኑ ሁለት ሰዎች በየሳይቱ ይኑሩ።

ከባለሥልጣኑ የምንጠይቀው ደግሞ ሥራው ሳይጀመር የሚጠናቀቅ ነው። የማሰሪያ ነጥቦች ከስትራክቸር ሥዕሉ ጋር ተሠርተው ይቅረቡ። በየኮለኑ፣ ከሶሌታው 2 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ፣ ኮንክሪት ሳይሞላ በፊት የሚቀበር ቀለበት ማስገባት ለፌራዮው (ፌሮ ለሚያስረው ባለሙያ) የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ኮንክሪቱ ከጠነከረ በኋላ መቦርቦር ግን ጊዜም ወጪም ነው። ቀለበቱ ሕንፃው ካለቀ በኋላም መስኮት ለሚያጸዳውና ቀለም ለሚቀባው ያገለግላል። መወጣጫውም መግቢያው ላይ ካርድ ይንጠልጠልበት፤ አረንጓዴ ከሆነ የመረመረው ሰው ስም፣ ቀኑና የሚችለው ክብደት ይጻፍበት፤ ቀይ ከሆነ ማንም አይውጣበት። ከኃይለኛ ዝናብ ወይም ነፋስ በኋላ፣ ያለዚያም በየሰባት ቀኑ ይታደስ።

ተቆጣጣሪው ሳይት ሲገባም መጀመሪያ የፊርማ ፋይሉን አይጠይቅ። ወደ ላይኛው ፎቅ ይውጣ፣ ጠርዝ ላይ ከሚሠራው ሰው አጠገብ ይቁምና "መንጠቆህን የት ነው የምታስረው?" ይበለው። ሠራተኛው በጣቱ ማሳየት ካልቻለ የዚያ ፎቅ ሥራ በዚያው ሰዓት ይቁም።

ከአክብሮት ጋር፣
በሕንፃ ግንባታ ደህንነት፣ በመወጣጫ ተከላና በሳይት ቁጥጥር ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች